እጅ ይተከላል ወይ? ከጊንጪ ለተደወለ ጥያቄ መልስ

 

የዛሬው የጤና ዝግጅታችን ከአንድ ስልክ የተነሣ ነው። ደዋይዋ ከጊንጪ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ እናት ናቸው። ልጃቸው ባለፈው መኸር ስንዴ ሲወቃ፣ ነዶውን ወደ መውቂያ ማሽኑ አፍ ሲገፋ፣ ማሽኑ ቀኝ እጁን ከአንጓው ትንሽ ከፍ ብሎ ወሰደበት። ልጁ 24 ዓመቱ ነው። «ልጄ፣» አሉኝ እናትየው፣ «የሞተ ሰው እጅ ለሕያው ተሰፍቶ ጣቱን ሲያንቀሳቅስ በስልክ አሳዩኝ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ የሞተ ሰው ለምን እንጠብቃለን? እኔ አርጅቻለሁ፤ የኔን አንዱን ቆርጠው ይስጡት። ለገንዘቡ በሬዎቹን እንሸጣለን።»

ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ቃላቸው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ለእሳቸውም፣ እንደ እሳቸው ጥያቄውን በሆዳቸው ይዘው ለሚኖሩም፣ የማውቀውን ሳልቀንስ ሳልጨምር ልናገር።

አዎ፣ እጅ ይተከላል። በአገራችን ግን እስካሁን አይሠራም። ከሕያው ሰው፣ እናትም ብትሆን፣ አይወሰድም። በሬዎቹን ደግሞ፣ እናታችን፣ እባክዎ አሁን አይሽጡ።

ለምን የእናት እጅ እንደማይወሰድ ልጀምር። በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ኩላሊት ይተከላል። እዚያ እናት ለልጇ፣ ወንድም ለእህቱ ይሰጣል። ኩላሊት የሚሰጥ ሰው ሁለት አለው፤ የቀረው አንዱ የሁለቱን ሥራ ይሸፍናል። እጅ እንዲህ አይደለም። አራሽ በአንድ እጁ እርፉን ይይዛል፣ በሌላው ጅራፉን፤ አንዱ ሲጎድል ሌላው የሁለቱን አይሠራም። አንዱን ሰው ሙሉ ለማድረግ ሌላውን ጎዶሎ ማድረግ ደግሞ ሕክምና አይባልም።

በአሜሪካ ፊላደልፊያ በ2015 እ.ኤ.አ. ዛየን ሃርቪ ለተባለ የ8 ዓመት ልጅ ሁለት እጅ ተተክሎለታል። ሕፃን ሳለ በደም መመረዝ ምክንያት እጆቹንም እግሮቹንም አጥቷል፤ ኩላሊቱም ተጎድቶ ስለነበር በ4 ዓመቱ እናቱ የራሷን ኩላሊት ሰጠችው። እጆቹ ሲተከሉለት ግን ከእናቱ አልተወሰዱም፤ የመጡት ከሞተ ልጅ ነው። የእናት ፍቅር አንሶ አይደለም። ዛየን ለምን እንደተመረጠ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚያ ላይ ነውና።

እጅ የሚለግሰው ሰው አንጎሉ ሙሉ በሙሉና ላይመለስ ሥራውን ያቆመ፣ ትንፋሹን ማሽን ስለሚያስገባለት ብቻ ልቡ ገና የሚመታ ሰው ነው። ቤተሰቡ ፈቅዶ መሆን አለበት። የደሙ ዓይነት፣ የእጁ መጠን፣ የቆዳው መልክ፣ ዕድሜው ከተቀባዩ ጋር ይመዛዘናል። በአገራችን ከሞቱ በኋላ የዓይን ብሌን መለገስ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በኩል ይታወቃል፤ ብሌን ግን ከሞት በኋላ ሰዓታት ቢያልፉበትም ይደርሳል። እጅ ጡንቻ አለው፤ ደም ሳያገኝ ብዙ አይቆይም። ለጋሹም ተቀባዩም ሐኪሞቹም በአንድ ሌሊት መገናኘት አለባቸው። ሟቹንስ? ለሚል አድማጭ፣ እጅ የሚተክሉ ሆስፒታሎች ለሟቹ ሰው ሠራሽ እጅ አድርገው፣ አስከሬኑን አሳምረው ለቤተሰቡ ይመልሳሉ። ግንዘቱም ቀብሩም በወጉ ይፈጸማል።

እጅ የመትከል ሙከራ የተጀመረው በ1964 እ.ኤ.አ. በኢኳዶር ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ሰውነት ስላልተቀበለው እጁ ተቆረጠ። ከዚያ 34 ዓመት አለፈ። በመስከረም 1998 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ሊዮን ከተማ በፕሮፌሰር ዣን-ሚሼል ዱበርናር የሚመራ ቡድን ክሊንት ሃላም ለተባለ የኒውዚላንድ ሰው፣ በመጋዝ እጁን ላጣ፣ አዲስ እጅ ተከለለት። ቀዶ ጥገናው ሠመረ፤ ዓለም ጉድ አለ። ሰውየው ግን እጁን እንደ ራሱ ሊቆጥረው አልቻለም፤ መድኃኒቱንም አቋረጠ፤ እጁ ታመመ፤ በ2001 እ.ኤ.አ. በራሱ ጥያቄ ለንደን ውስጥ ተቆረጠለት። በጥር 1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ የተተከለለት ማቲው ስኮት ደግሞ ርችት ግራ እጁን የወሰደበት ሰው ነበር። መድኃኒቱን እየዋጠ፣ ልምምዱን እየሠራ፣ ያንን እጅ ከ20 ዓመት በላይ ይዞት ኖሯል። ሁለቱንም ያከሟቸው የተካኑ ሐኪሞች ናቸው፤ ልዩነቱ ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ በመጣው ኑሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ እጅ የተተከለላቸው ከ100 የሚበልጡ ሰዎች አሉ። ለዚህ ሁሉ ዓመት ይህ ጥቂት ቁጥር ነው፤ ለምን ጥቂት እንደሆነ ከዚህ በኋላ ይገባችኋል።

አሁን አንድ ነገር አብረን እናድርግ። ቀኝ ክንዳችሁን፣ ከክርን በታች ያለውን፣ በግራ እጃችሁ ጨብጡት። የቀኝ እጃችሁን ጣቶች አጠፍ፣ ዘርጋ አድርጉ። ከመዳፋችሁ ሥር የሚላወስ ሥጋ ተሰማችሁ? ጣትን የሚስቡት ትልልቆቹ ጡንቻዎች ያሉት እዚያ ክንድ ላይ ነው፤ በረጃጅም ጅማት ጣቶቹን ይጎትታሉ። ስለዚህ እንደ ጊንጪው ልጅ ከአንጓው አካባቢ እጁን ያጣ ሰው ጡንቻው አብሮት አለ። የለጋሹ ጅማት ከእሱ ጅማት ጋር ከተሰፋ አዲሱን ጣት የሚስበው የራሱ ክንድ ይሆናል። ከክርን በላይ የተቆረጠ ሰው ግን ይህ የለውም፤ መንገዱ ይረዝምበታል፣ ውጤቱም ያንሳል።

ቀዶ ጥገናው 8 ሰዓት፣ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ይፈጃል። አጥንት ከአጥንት በብረትና በብሎን ይያያዛል፤ ጅማቶቹ ይሰፋሉ፤ ደም ሥሮቹና ነርቮቹ በማይክሮስኮፕ እየታዩ ከፀጉር በቀጠነ ክር ይጋጠማሉ። ደም ሥሩን የያዘው መቆንጠጫ ሲለቀቅ፣ እንደ ሰም ገርጥቶ የነበረው እጅ ከአንጓው ጀምሮ ወደ ጣቶቹ እየቀላ፣ እየሞቀ ይሄዳል። የክፍሉ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቃት ደቂቃ ያቺ ናት።

እጁ ግን ገና ምንም አይሰማውም። የለጋሹ ነርቭ እንደ ባዶ ቦይ ነው፤ የተቀባዩ ነርቭ በዚያ ቦይ ውስጥ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል እያደገ ወደ ጣት ጫፍ ይጓዛል። ከአንጓ እስከ ጣት ጫፍ 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 180 ቀን ማለት ነው። መስከረም መባቻ ላይ የተተከለ እጅ ጣቱ ጫፍ ላይ መነካት የሚሰማው፣ ቢፈጥን፣ መጋቢት ሲገባ ነው። እስከዚያ ጀበናው ቢያቃጥለው አያውቀውም፤ ምድጃው ቢፈጀው አያውቀውም።

የማይሰማ እጅ ምን እንደሚያመጣ አገራችን በደንብ ታውቃለች። አዲስ አበባ የሚገኘው አለርት በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ዋና ሥራው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ነበሩ። በሽታው ነርቭን ይጎዳል፤ ጣትን የሚያሳጣው ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታወቅ የሚደርሰው ቃጠሎና ቁስል ነው። በህንድ ሥጋ ደዌ የጎዳውን እጅ በጅማት ዝውውር ማቃናትን ያስተማሩትና በአለርት ምሥረታም እጃቸው ያለበት ዶክተር ፖል ብራንድ ሕመም ራሱ የሰውነት ጠባቂ መሆኑን ደጋግመው ይናገሩ ነበር። በአለርት ሕሙማኑ የሚማሩት፣ እጅህ የማይነግርህን በዓይንህ እይ፣ ድስት ከማንሣትህ በፊት ጨርቅ ያዝ፣ ማታ ማታ መዳፍህን መርምር የሚለው ትምህርት አዲስ እጅ ለተተከለለትም ሰው ቃል በቃል ይሠራል። ከዚያ ደግሞ ልምምዱ አለ። በመጀመሪያዎቹ ወራት በቀን እስከ 6 ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ጣት ማጠፍ፣ ጣት መዘርጋት። ያንን ያደረጉ ሰዎች ኩባያ ያነሣሉ፣ ልብስ ይቆልፋሉ፣ ይጽፋሉ፤ አብዛኞቹ ሙቀትና ቅዝቃዜ፣ መነካትና መወጋት ይለያሉ። እንደ መጀመሪያው እጅ ግን አይሆንም፤ ረቂቅ የጣት ሥራ ይከብዳል።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። ዛሬ ለመናገር የመጣሁበት ዋናው ይህ ነው።

የሰውነታችን መከላከያ እንደ ግቢ ውሻ ነው፤ የቤቱን ሰው ያውቃል፣ እንግዳ ሲያይ ይናከሳል። አዲሱ እጅ፣ በተለይ ቆዳው፣ ለዚህ ውሻ እንግዳ ነው። 20 ዓመት ቢቆይም እንግዳ ነው። ስለዚህ ውሻው ዕድሜ ልክ መታሰር አለበት፤ ማሰሪያው እነ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌት፣ ፕሬድኒሶሎን የሚባሉ ክኒኖች ናቸው። ዋናው ጠዋት 1 ሰዓት ከተዋጠ ማታ 1 ሰዓት ይዋጣል፤ ደም እየተመረመረ መጠኑ ይስተካከላል። በፆም ቢሆን፣ ለቅሶ ቢደረስ፣ መንገድ ቢዘጋ፣ ፋርማሲው አልቋል ቢል፣ ማሰሪያው መላላት የለበትም። እንዲያም ሆኖ እጅ ከተተከለላቸው ከ10ሩ ከ8 በማያንሱት ላይ በመጀመሪያው ዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ሰውነታቸው እጁን መግፋት ይጀምራል። እጁ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ሽፍታ ያወጣል። ከኩላሊት የሚሻልበት አንዱ ነገር ይህ ነው፤ በዓይን ይታያል። ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በመድኃኒት ይመለሳል። ቶሎ የሚባለው ግን ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ሐኪሙ ያለበት አገር ደግሞ ባሕር ማዶ ሊሆን ይችላል።

ውሻው ከታሰረ ሌባም ይገባል። ተቀባዩ ለኢንፌክሽን ይጋለጣል፤ እኛ አገር ደግሞ ቲቢ አለ። ቲቢ ቢይዘው፣ ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት ታክሮሊመሱን ከደም ውስጥ ጠርጎ ያወጣዋል፤ አንዱን ሲያድኑ ሌላው ይፈታል፤ በጥንቃቄ የሚያመዛዝን ሐኪም ይፈልጋል። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተት መተው አለበት። ሐኪም ሳይጠየቅ የባህል መድኃኒት አይጠጣም። ዓመታት ሲቆጠሩም እነዚሁ ክኒኖች ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የኩላሊት ጉዳት፣ አንዳንዴም ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዛየን ልመለስ። የተመረጠው ለእናቱ ኩላሊት ብሎ ይህንን መድኃኒት ቀድሞውኑ እየዋጠ ስለነበር ነው። ለእጁ ተብሎ አዲስ ሸክም ብዙም አልተጨመረበትም። የቅዱስ ጳውሎስ የኩላሊት ሕመምተኛም ክኒኑን ሲውጥ ሞትን እየሸሸ ነው፤ ያተርፍበታል። የጊንጪው ልጅ ግን ጤነኛ ነው። ልቡ፣ ኩላሊቱ፣ ሳንባው ደህና ነው፤ የጎደለው አንድ እጅ ነው። ለእሱ ንቅለ ተከላ ማለት ጤነኛ ሰውነት ይዞ ገብቶ የዕድሜ ልክ ታካሚ ሆኖ መውጣት ነው። የኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ሌላው እጁ ደህና ለሆነ የ24 ዓመት ወጣት፣ ያውም መድኃኒቱ በየወሩ እንዴት እንደሚደርሰው በማይታወቅበት፣ ይህ ልውውጥ አያዋጣም። ሁለቱንም እጁን ያጣ ሰው ቢጠይቀኝ መልሴ ይለወጣል። በሰው ጉርሻ የሚኖር፣ መታጠቂያውን ሌላ የሚፈታለት ሰው ሸክሙን አውቆ ልሸከመው ቢል እረዳዋለሁ፤ ተከላውን የሚሠሩ ሐኪሞችም ብዙዎቹ በቅድሚያ የሚያስቡት እንዲህ ላለው ነው።

ለሁሉም አይፈቀድም። አብዛኞቹ ማዕከሎች ለአካለ መጠን የደረሰ፣ ካንሰርና ከባድ ሥር የሰደደ ሕመም የሌለበት፣ ሰው ሠራሽ እጅ ሞክሮ ያልሆነለት ሰው ይፈልጋሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ለረጅም ሰዓት ያነጋግረዋል። የክሊንት ሃላም ታሪክ ያስተማረው ይህንን ነው፤ ጠዋት ፊቱን የሚያጥብበት እጅ የሌላ ሰው እንደነበር እያወቀ መኖር ይችላል ወይ ብለው ይመረምራሉ።

ከእኛ አገር ለሕክምና የሚሄዱ ብዙዎች ወደ ህንድ ስለሚያቀኑ የህንዱን ልናገር። በኮቺ ከተማ የሚገኘው አምሪታ ሆስፒታል ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅ ይተክላል። በዚያው ዓመት አብዱል ራሂም የተባለ፣ ፈንጂ ሲያመክን ሁለት እጁን ያጣ የአፍጋኒስታን ሻምበል ከህንዳዊ ሟች ሁለት እጅ አግኝቷል። በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዲት ተማሪ ከወንድ ለጋሽ የተወሰዱ እጆች ተተክለውላት፣ ጠቆር ይል የነበረው ቆዳ እያደር የእሷን መልክ መምሰሉን ሐኪሞቿ ተናግረዋል። ሆኖም በህንድ ሥርዓት ከሟች የተገኘ አካል መጀመሪያ ለአገሩ ዜጋ ነው፤ የሚስማማው ህንዳዊ ሲጠፋ ብቻ ለውጭ ሰው ይደርሳል። ስለዚህ እናታችን፣ በዚህ ወር እጅ አስተክልላችኋለሁ የሚል ደላላ ቢመጣ፣ ውሸት ነው። ለጋሹ መቼ እንደሚሞት፣ ቤተሰቡ ይፍቀድ አይፍቀድ የሚያውቅ ሰው የለም። የሚሄድም ሰው ለቀዶ ጥገናው ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ለወራት እዚያው አጠገብ ተቀምጦ ልምምድ ይሠራል፤ ለዚያ ሁሉ ጊዜ ቤት ኪራይና አብሮት የሚኖር አስታማሚ ያስፈልጋል። ከተመለሰም በኋላ የክኒኑና የደም ምርመራው ወጪ አያልቅም። ሁለት በሬ ይህንን አይሸፍንም፤ በሬ የሌለው ቤት ደግሞ ክኒን የሚገዛበት ገንዘብ ከየት ያመጣል?

ታዲያ ምን ይደረግ? ሰው ሠራሽ እጅ አለ። በትከሻ እንቅስቃሴ በሚሳብ ገመድ የሚከፈትና የሚዘጋ መንጠቆ ያለው ዓይነት ለገበሬ ከመልከ መልካሙ የፕላስቲክ እጅ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ነዶ ይይዛል፣ ገመድ ይወጥራል፣ ቢሰበር ይጠገናል። መዳፉ ቀርቶለት ጣቶቹን ብቻ ላጣ ሰው የእግር ጣትን ወደ እጅ ማዛወር የሚባል ቀዶ ጥገና አለ፤ የራሱ ሥጋ ስለሆነ ያ ሁሉ ክኒን አያስፈልገውም። ሁለቱንም ላጡ፣ በተለይ ዓይናቸውም ለተጎዳ፣ ጀርመናዊው ሐኪም ክሩከንበርግ ከ100 ዓመት በፊት የጀመሩት ዘዴ አለ፤ የክንድን ሁለት አጥንቶች ለያይቶ እንደ ጉጠት እንዲገጥሙ ማድረግ ነው። ለዓይን ደስ አይልም፤ ግን ይሰማዋል፣ ይይዛል፣ መድኃኒት አይጠይቅም። ምርጫው የባለቤቱ ነው።

ስለ እጅ ካነሣሁ ከማጣቱ በፊት ያለውን ሳልናገር ባልፍ ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በአገራችን ልጆች እጃቸውን ከሚያጡበት ምክንያት አንዱ ስብራት ሲደርስባቸው ወጌሻ በሽንበቆ አጥብቆ ማሰሩ ነው። የታሰረ ልጅ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶቹ ካበጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ነገ አይባልም። ማሰሪያው ያኔውኑ ይፈታ፤ ልጁ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ወጌሻውን ማስቀየም ይሻላል።

እጅ በማሽን ወይም በመጋዝ ከተቆረጠ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ክንዱን ከፍ አድርጉ። የተቆረጠውን አትጣሉት። የራስን እጅ መልሶ መስፋት ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ የሻንጋዩ ሐኪም ቼን ዦንግዌይ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኛን እጅ ከመለሱ ወዲህ፣ የሚታወቅ ሕክምና ነው፤ የራስ ስለሆነም ውሻው አይናከስበትም። በንጹሕ ውሃ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉት፤ በፌስታል አሥሩት፤ ፌስታሉን በሌላ ዕቃ ውስጥ በበረዶ መሃል አስቀምጡት። በረዶ ከሌለ ከሱቅ ፍሪጅ የወጣ የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ዙሪያውን ደርድሩ። በረዶው ሥጋውን በቀጥታ አይንካው፤ ውሃ ውስጥም አይዘፈዘፍ። መውቂያ ማሽን ብዙ ጊዜ ስለሚጨፈልቅ መልሶ መስፋት ላይቻል ይችላል፤ ያንን ግን ሐኪሙ ይወስን።

ትናንት ለእናትየው ደውዬ ይህንን ሁሉ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። ሲያበቃ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እንግዲያ ሰኞ ወዴት ይዤው ልሂድ?»

መጀመሪያ ጊንጪ ካለው ሐኪሙ የሪፈር ወረቀት ያጽፉ። ሲቆረጥ የታከመበትን ካርድና ራጁን ይያዙ። የቀረው ክንዱ ጫፍ እንዳያብጥ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ላይ በላስቲክ ፋሻ እየጠቀለሉለት ይቆዩ፤ አጠቃለሉን ነርሷ ታሳይዎት። ክርኑን በቀን ብዙ ጊዜ ያጥፍ ይዘርጋ፤ ከደረቀ ሰው ሠራሹም አይገጥምለትም። የሌለው ጣቱ ያመኛል ካለ ይመኑት፤ እውነተኛ ሕመም ነው፣ መድኃኒትም አለው፣ ለሐኪሙ ይንገረው። ከዚያ በኦሎንኮሚ፣ በአዲስ ዓለም፣ በሆለታ አድርገው አዲስ አበባ ድረስ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አለርት የሰው ሠራሽ አካል መሥሪያ ክፍል አለው። ልጁ ቀኝ እጁ ነው የሄደው፤ ሰው ሠራሹ እስኪደርስለት ድረስ በግራው መጻፍ ይጀምር። ደብተሩን እርስዎ ይያዙለት።